የይታያል ሆድ

ሐምሌ 28
ቀኑን ሙሉ አረም። አረሙ ሰሊጡን በልጦታል፣ እኛ ገና ግማሹን አልነካነውም።
ልጃችን ይታያል ዛሬም ካካ አላለም... አራት ቀኑ። በተወለደ ሰሞን በቀን አምስት ጊዜ ነበር። ሚስቴ ሐመልማል ግን ትስቅብኛለች። «ይጠባል፣ ይሸናል፣ ፈሱን ይለቃል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሐምሌ 30
ስድስት። ዶካ ከተማ ላለችው፣ ላዋለደችን ሳፊያ ደወልን።
«ሆዱ ለስላሳ ነው?» ነው።
«ያስመልሰዋል?» ኧረ የለም።
«ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሳምንትም ይቆያል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ምንም እንዳትሰጡት።»
«ሰማህ?» አለችኝ ሐመልማል። ሰማሁ። ግን ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ... የት ነው የሚያጠራቅመው?

ነሐሴ 1
ሰባት። መተኛት አቃተኝ።
አያ ዘማርያምን አማከርኩት። በእርሻ ካምፑ ለሆድ ነገር የሚጠየቀው እሱ ነው። «አንጀቱ ተቋጥሮ ይሆናል። እኔ አንዱን ልጄን እንዲህ ሁኖ ነው የቀበርሁት» አለኝ። ሰናመኪ አፍልቶ ሰጠኝ፣ እኛ ሆዳችን ሲደርቅ የምንጠጣውን። ሐመልማል ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ሁለት ማንኪያ ብቻ ሰጠሁት። ፊቱን አጨማደደ... ዋጠው።
አልነገርኳትም።

ነሐሴ 2
ወጣለት! ደስ ብሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ደግሞ። ደግሞ። ውሃ ብቻ። ዘጠኝ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ነሐሴ 3
ሲዘንብ አደረ። ሐኪም ጋ ልንወስደው የተነሳንበት ትራክተር ገና ከካምፑ ሳይርቅ ጭቃው ያዘው። ወደ ዶካ የሚወጣ ምንም የለም።
ሳፊያ በስልክ፣ «ምን ሰጣችሁት?»
«ማርያምን፣ ከጡት በቀር ምንም!» አለች ሐመልማል። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
«ቶሎ ቶሎ አጥቢው። ዓይኑ ከጎደጎደ ይዛችሁት ሩጡ።» በምን? በየት በኩል?

ነሐሴ 4
ድምፁ ቀጥኗል። ሐመልማል ጡቷን ከአፉ አታወጣም። እኔ ጨርቅ አጥባለሁ። ሌላ የምችለው የለም። አምላኬ፣ በኔ ይሁን... በሱ አይሁን።

ነሐሴ 6
ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ አስቀመጠው። ሸናም። ሐመልማል እያለቀሰች ማርያምን አመሰገነች። ያኔ ነገርኳት። አልቻልኩም፣ ነገርኳት።
ልጁን ከጭኔ ላይ አነሳችው።

ነሐሴ 14
ይታያል ካካ ካለ አምስት ቀኑ። ሆዱ ለስላሳ ነው አሉ። እኔ ነክቼ አላየሁም።
ሐመልማል አረም ስትወጣም አዝላው ነው። ዛሬ ዝናቡ ሲጀምር፣ «ይበሰብሳል፣ ለኔ ተይው» አልኳት።
«ይበስብስ» አለችኝ።