የኤልያስ ግራ ጫማ

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ልጄ ኤልያስ ሰው ሠራሽ እግሩን ሊሞክር ተስማማ። ግራ እግሩን አጥቶ ከጦርነቱ ከተመለሰ ጀምሮ እንቢ እንዳለ ነበር።

ጠዋት ከሆስፒታል ደውሎ፣ «አባ፣ ጫማ አምጣልኝ፤ ሁለቱንም» አለኝ። የግራ ጫማዎቹ የሉም። ሊጠይቀን የሚመጣው ዘመድ ሁሉ በር ላይ እያያቸው ስለሚያለቅስ አውጥቼ ጥያቸዋለሁ። ይህን አልነገርኩትም።

እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ማታሎን የሚባለው ሰፈር ያለ ጫማ ቤት ገባሁ። ሻጩ አርባ ሦስት ቁጥር ሊፈልግ ወደ ውስጥ እንደገባ ስልኬ ጮኸ፤ ኤልያስ ነው።

«የት ነህ?»

«ጫማ ቤት። የግራዎቹን ጥያቸዋለሁ።»

ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

«በሰደር፣ ችግር የለም፤ አውቄ ነበር። የአልጋ ጎረቤቴ የራሱን ጫማ አውሶኝ ቆሜያለሁ። ያላ፣ ቶሎ በል፣ ሳልወድቅ ድረስ!»

ሻጩ ካርቶኑን ይዞ ብቅ ሲል በሩን እየከፈትኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ተገኝቷል!» አለኝ።

ወጣሁ።