«በዘሯ አለ» ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

የቱሪስት ሎጃችን አስተናጋጅ እናኑ ዛሬ ቁርስ እያቀረበች ሳለ ትሪውን አስቀምጣ እንግዶቹ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ማቆም አቃታት። ደግፈን ወደ ሠራተኞች ክፍል ወሰድናት። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ «ምን ሆና ነው?» አለኝ። የሠራተኞች ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ፤ ማን መቼ እንደሚሠራ የምደለድለውም እኔ። ምን እንደሆነች አውቃለሁ። «መንፈስ ሳይሆን አይቀርም፤ በዘሯም አለ ይባላል» አልኩት። በዘሯ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከራሴ አፍ ነው የወጣው።

ከሰዓት በኋላ እናቷ እማማ ውዴ ከደባርቅ መጥተው ወሰዷት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ድልድሉን ዘርግቼ አየሁት። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ እናኑ አንድም ቀን አላረፈችም። ተራራ ለሚወጡት ቁርስ ለማድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትነሣለች። ከዚያ አልጋ ማንጠፍ፣ ምሳ፣ እራት፣ ዕቃ ማጠብ።

የሥራ ጓደኛዋ ለወሊድ ስትወጣ ምትክ አልጠየቅሁም። «ባለን ሰው እንወጣዋለን» ብዬ ጉራ ነፋሁ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ጊዜ ዕረፍት ጠይቃኛለች። አንዴ ለአጎቷ ተዝካር፤ «ይሄ የቱሪስት ግሩፕ ይሂድና» አልኳት። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ነው። «ጋሼ ሞላ፣ ተኝቼም የሰሃን ድምፅ ይሰማኛል። ልቤ ዝም ብሎ ይመታል» አለችኝ። ሳቅሁባት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወሬው ደባርቅ ገብቷል። ሎጁ ወጥ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ፈርተው የእናኑን ኩባያ ለብቻው አስቀምጠውታል። እሷ ጠበል ገብታለች አሉ።

ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤዋን እንድጽፍ አዘዘኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት።

የባሰው ደግሞ፣ ታናሽ እህቷን ያጩት የዳባት ሰዎች «በዘራቸው አለ ከተባለ እናጣራ» ብለው ሠርጉን አቁመዋል። ይህን የነገረችኝ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ናት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደባርቅ ወረድኩ። ስኳር ገዝቼ እስከ እነእናኑ ቤት በር ድረስ ሄድኩ። የእማማ ውዴ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ላንኳኳ እጄን አነሣሁና ተመለስኩ። ሚስቴ ስኳሩን አይታ «ለማን ነው?» ብትለኝ «ለቤት» አልኳት።

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአንዲት እናት ደጃፍ ሸሸሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ቅዳሴ ሲያልቅ እናትና ልጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አየኋቸው። ዛሬ አልሸሸሁም።

«እማማ፣ መንፈስ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ልጅዎን ያለ ዕረፍት ያሠራኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እማማ ውዴም «በዘራችን ማንን አይተህ ነው?» አሉኝ።

«ማንንም።»

«ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይረባኛል? እዚያ ዳባት ላሉትም ንገር።»

እናኑ ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን ረግቷል። የጠበሉ አባ «መጀመሪያ አስተኟት» ብለዋቸው ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ ተኝታለች። «እብድ ሆንኩ ብዬ ነበር ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል። እሷ ማፈሯ አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነገርኩት። «ሰኞ ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ፈርቼ ነው አልኩት። ድልድሉን ተቀብሎ ሲያገላብጥ ቆየ፤ ከሥሩ የእሱም ፊርማ አለ። የስንብቱ ነገር ቀርቷል። እናኑ እስክትድን ደመወዟ አይቋረጥም፤ ለሁሉም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፤ ምትክ ሠራተኛም ይቀጠራል። «ያንተን ጉዳይ ለብቻው እናየዋለን» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ምሳ ላይ ለሠራተኞቹም ተናገርኩ። አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ተነሥታ ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከእማማ ውዴ ጋር ዳባት ሄድን። የሙሽራው አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። የሙሽራው አባት «ታዲያ የሰው ልጅ ስም እንዲህ ይጠፋል?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው መልስ እንደሚልኩባቸው ለእማማ ውዴ ነገሯቸው። እምቢም አላሉ፣ እሺም አላሉ።

በመኪና ተመለስን። ደባርቅ ከመኪናው ስንወርድ እማማ ውዴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዞር አሉ።

«ነገ ሥራ ነህ?»

«የለም፣ ዕረፍት ነኝ።»

«እንግዲያ አንተም ተኛ» ብለውኝ ሄዱ።

ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።