ያረፈዱ ልጆች ደብተር

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤

አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ በረታ? ትንሿስ ታስተኛሻለች ወይስ እንደ እናቷ በማይመች ሰዓት ስብሰባ ትጠራለች? እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ። አፍንጫዋ የእኔን ይመስላል ብለው ከቡታጅራ ደውለው ነገሩኝ። አትደንግጪ፤ ሲያዩት ይለመዳል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

የትምህርት ቤቱን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። እናትሽ ግን «አራስ ናት፤ የሥራ ወሬ ጡቷን ያደርቀዋል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እኔም ይህን ወረቀት ለሕፃኗ በላክሁት ብርድ ልብስ እጥፋት ውስጥ ደብቄ ለቡታጅራው መኪና ሹፌር ለሳኒ ሰጠሁት። እናትሽ ብርድ ልብሱን ካራገፈችው ግን ሁለታችንም አለቀልን።

የዓርቡ ስብሰባ ምን ሆነ ብለሽ እንደምትብከነከኚ አውቃለሁ። መጨረሻውን አስቀድሜ አልነግርሽም፤ ወረቀቱን ገልብጠሽ እንዳታዪ። ክፉ ወሬ ለአራስ እንደማልልክ ግን እወቂ።

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህርት ሆነሽ ስትመጪ በራችን ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያረፈደ ልጅ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት እስኪያልቅ ውጭ ጠጠሩ ላይ ይንበረከካል፤ ከዚያ ግቢ ይጠርጋል፤ ክፍል የሚገባው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ቁልፉን ይዤ ከላያቸው የምቆመው ደግሞ እኔ ዘበኛው። አንቺ መጣሽና «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር የሚንበረከክ ልጅ የለም። ያረፈደውን በስሙ ጠርተው ያስገቡት፤ ምን እንዳስረፈደው ጠይቀው ደብተር ላይ ይጻፉልኝ፤ በየቀኑ አነበዋለሁ» አልሽኝ።

ምክትልሽ መምህር ገረሱ «ልጅ ያለ ቅጣት ሰዓት አያከብርም» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ እስከ መንፈቅ ዓመቱ እንዲሞከር ተስማማችሁ። የአርፋጆች ቁጥር ካልቀነሰ ወደ ጠጠሩ እንመለሳለን ተባለ።

ደብተሩ እንዴት እንደሠራ እኔ ምስክር ነኝ። አንዱ ጫማው ከታላቁ ጋር የጋራ እንደሆነ ተናገረ፤ ጫማ ተገኘለት። የኮንዶሚኒየሞቹ ልጆች መንገድ መሻገር እንደሚፈሩ አነበብሽ፤ መምህርት ወለተሥላሴ ጠዋት ጠዋት ከብሎካቸው ሥር ሰብስበው ያመጧቸው ጀመር። ልጆቹም በሩ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከመሬት አነሱ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንቺ ለመውለድ ስትሄጂ ፍርሃት ያዘኝ። ቁጥሩ ባይቀንስስ? ስትመለሺ ልጆቹን ጠጠሩ ላይ ብታገኚያቸውስ? ስለዚህ «ግባ፣ ግቢ፣ ቶሎ በሉ» እያልኩ ሳልጽፍ ማሳለፍ ጀመርኩ። ሦስት ቢያረፍዱ አንድ እጽፋለሁ፤ እሱንም ደብተሩ ባዶ ሆኖ እንዳያስጠረጥር ብዬ ነው። ከሄድሽ ወዲህ በየቀኑ ማርፈድ የጀመረችውን የአራተኛ ክፍሏን ሪሀናን ደግሞ ጭራሽ ከደብተሩ አወጣኋት። አንድ ቀን ቆም ብላ «ጋሼ፣ እኔን ለምን አይጽፉኝም?» አለችኝ። «ውለታ እየዋልኩልሽ ነዋ!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔ ሞኙ ያመሰገነችኝ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የመንፈቁ ስብሰባ ተጀመረ። ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ለእኔም ወንበር ተሰጠኝ። መምህር ገረሱ ተነሡና «ይህ ደብተር ባለፈው ሳምንት ያረፈዱት ስድስት ልጆች ናቸው ይላል። እኔ ከቢሮዬ መስኮት ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ» አሉ። ለካ ሰውየው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሳምንቱን ሙሉ ሲያዩኝ ነው የከረሙት! እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ሳሳልፍ የማልታይ መስሎኝ።

ምን ላድርግ፣ ተነሣሁ። «ዋሽቻለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን አታውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» አልኩ። ሕግሽን በገዛ እጄ እንደገደልኩት ገባኝ።

በዚህ ጊዜ መምህርት ወለተሥላሴ «ቆይ እስቲ መምህር፣ መስከረም ላይ በሳምንት ስንት ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። መምህር ገረሱ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት አገላበጡ፤ ደግመው አገላበጡ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አርባ ሦስት» አሉ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ። መምህርት ወለተሥላሴ እንባቸውን እየጠረጉ «ጋሼ፣ እውነቱ ይበቃዎት ነበር እኮ!» አሉኝ። እዪልኝ እንግዲህ፣ አጎትሽ ሳይዋሽ ያሸነፈውን ነገር ዋሽቶ ሊሸነፍ ነበር።

መምህር ገረሱ ግን አልሳቁም። «አንድ ነገር ይቀራል» አሉ። ረቡዕ ዕለት ሪሀናን በር ላይ ይዘው ወላጅ አምጪ ብለዋት ኖሯል። እናቷ ዘኪያ መጣች። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ሥራ የምትገባው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ስለዚህ ሪሀና ታናሽ እህቷን አሚራን ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለው መዋዕለ ሕፃናት ታደርሳለች። የዚያ በር የሚከፈተው ደግሞ ልክ ሁለት ሰዓት፣ የእኛ ደወል በሚደወልበት ደቂቃ። ልጅቷ ከዚያ ተነሥታ በሩጫ ነው የምትመጣው። «ይህ ተጽፎ ቢሆን ከወር በፊት ባወቅነው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህችን ልጅ ለምን ደበቋት?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን አንቀጽ እናትሽ አጠገብሽ ካለች በሆድሽ አንብቢው። «እኔም በእሷ ዕድሜ በየጠዋቱ የማደርሳት አንዲት ታናሽ እህት ነበረችኝ። ጠጠሩን አውቀዋለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። እናትሽ ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን የተውኩት ሰንፌ እንደሆነ ነው የምታውቀው። በዚያው ትቆይ። ደስ ብሏት ነው የምትስቅበት።

መምህር ገረሱ በእኛ መዋዕለ ሕፃናት አንድ ቦታ እንደተለቀቀና አሚራን ሐሙስ ዕለት ራሳቸው እንዳስመዘገቧት ተናገሩ። ድምፅ ተሰጠ። የመጨረሻዋ እጅ የእሳቸው ናት፤ ግን ተነሣች። ሕግሽ ጸንቷል፣ የእህቴ ልጅ! አንድ ነገር ብቻ ተቀየረ፤ ብዕሩ ከእኔ ተቀምቶ ለልጆቹ ተሰጠ። ያረፈደ በገዛ እጁ ይጻፍ ተባለ። ተገቢ ነው፤ አልተቀየምኩም። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ጉልበቴ እንኳ ማኩረፉን ረስቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መምህር ገረሱ በር ላይ አጠገቤ ቆመው ልጆቹን ሰላም ማለት ጀመሩ። «እንደምን አደርክ!» ሲሉ ወታደር የሚያዝዙ ይመስላሉ፤ አንዱ ልጅ ለማን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ሪሀና አሚራን በእጇ ይዛ መጣች፤ ላብ የለ፣ ሩጫ የለ። አሚራን ወደ ክፍሏ ሸኘቻትና ተመልሳ ብዕሩን ጠየቀችኝ። «ዛሬ እኮ አላረፈድሽም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ደብተሩን ወንበሬ ላይ ዘርግታ፣ ቀኑንና ስሟን ጽፋ፣ ከሥሩ «ዛሬ በሰዓቴ ደርሻለሁ» ብላ ጻፈች። መምህር ገረሱ አዩ፤ እኔም አየሁ። ማንም አልሰረዘውም። ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ልጅሽን በእቅፍሽ ያሳድግልሽ፤ ደጅሽን ሰው የሚገባበት ያድርገው። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋችው ይቅር ብያታለሁ በያት።

በሩን የሚጠብቅልሽ
አጎትሽ