የዳማ አሥር ቀን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ነከሰኝ። በዚህ ወረዳ ከእብድ ውሻ በሽታ እንጀራዋን የምትበላውን ሴት መርጦ ነከሰ። ምንም አላደረግኩትም። ከሥራ ስመለስ የግቢውን በር ስከፍት ከኋላ መጥቶ ባቴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ከዚያ ራሱ ደንግጦ ጅራቱን እግሩ መሀል ወሽቆ ከማገዶው ጀርባ ገባ። መንከስ እንኳን በወጉ አያውቅም።

ስሙ ዳማ ነው፤ የአከራዬ የአዴ ዘይነባ ውሻ። ከመስከረሙ የክትባት ዘመቻ ወዲህ ከልጃቸው ከጀማል ጋር ሳነቴ አምባ ላይ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ ትናንት ወደ ሮቤ ወረደ። አፍንጫው ላይ ትኩስ ቁስል አለው። ጀማል "ከጄዳላ ፈርዳ ጋር ተናክሶ ነው" አለኝ፣ ቀይ ቀበሮን ማለቱ ነው። እየሳቀ ነበር። እኔን አላሳቀኝም።

የተደረገ፦ ቁስሌን ሩብ ሰዓት በሳሙና አጠብኩ። ዳማን ከባሕር ዛፉ ሥር አሰርኩት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ለነገሩ ግንባሩ ላይ የመስከረሙ ዘመቻ ቀይ ምልክት አለበት፤ ተከትቧል። ደንብ ነውና እቆጥራለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 8

በጠዋት ሚኒባስ ጎባ ሄጄ መርፌዬን ተወጋሁ። የሥራ ባልደረባዬ ከድር ቢሮ ስገባ ተነስቶ በአክብሮት ወንበር አቀረበልኝ። "ዶክተር፣ ውሻው እንዴት አደረ? ክፉ ነገር እንዳይነካው፤ የነከሰው ሰው ጤነኛ መሆኑን አናውቅም" አለ። ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ይሳቅ። እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ውሻ ሳይ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን አክብሬው አላውቅም። ትውልዱ ከተኩላ ነው። ተኩላ በመንጋ አድኖ፣ ተራራ አቋርጦ፣ የራሱን ልጅ በራሱ ሥርዓት የሚያሳድግ አውሬ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰነፍ የሰው ትራፊ ሸተተውና እሳት ዳር ተጋደመ። ይኼው የልጅ ልጁ፤ የአያቱን ርስት በአጥንት ለውጦ የሚኖር ሎሌ። በራሱ ጥላ ላይ ይጮኻል። የሚኒባስ ጎማ ያሳድዳል፤ ቢይዘው ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሦስተኛ ቀን። ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያዛጋል።

ሥራ ስፈታ ፈተንኩት። የበግ ጎድን ከነሥጋው መሬት ላይ አድርጌ ትልቅ ጣሳ ደፋሁበትና ድንጋይ ጫንኩበት። ሁለት ጊዜ በእግሩ ቧጠጠ። ከዚያ ቁጭ አለና ፊቴን አየ። ጣሳውን አየ። ደግሞ ፊቴን። በቃ፣ ሌላ ሙከራ የለም። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስትጠብቅ አይቻለሁ፤ በሚግጡት ከብቶች መሀል ተከልላ ትመጣለች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ሆና ትቆማለች፣ ማንንም እርዳኝ አትልም። ይኼ ግን እኔ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሆንኩ ይመስል ደጅ ይጠናል።

ሰለቸኝና ጣሳውን አንስቼ ሥጋውን ከነአጥንቱ ወረወርኩለት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የምልክቱ ነገር ዛሬ ገባኝ።

የተከተበ ውሻ የምንቀባበት የኛ ቀለም በሁለት ሳምንት ይለቃል። አሁን ወር አልፎታል፤ የዳማ ግንባር ግን ቀይ ነው። አምስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ስመላለስ ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን አላየውም። ዛሬ ጠጋ ብዬ አየሁት። ፀጉሩ ሥሩ ላይ ወደ ብርቱካን ያደላል። ቀና ስል አዴ ዘይነባ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጥፍራቸው ያው ቀለም ነው። ሂና!

ጠየቅኳቸው። አልካዱም። ከዘመቻው በፊት ምልክት የሌለው ውሻ ይወገዳል ተብሎ ተለፍፎ ነበር። ለሴት ልጃቸው ሠርግ ከተበጠበጠው ሂና ተርፎ ነበርና ቀቡት። መርፌው ለምን እንዳስፈራቸው ስጠይቅ፣ የተወጋ ውሻ ድምፁ ይዘጋል ሲባል ሰምተዋል፤ የማይጮኽ ውሻ ለከብት ምን ያደርጋል። እኔ የእንስሳት ሐኪሟ በግቢያቸው ተከራይቼ እየኖርኩ ለምን አንድ ቃል አልጠየቁኝም? ምስሩን አስቀመጡ።

"ኢንተሎ፣ ልጄ፣ አንቺ ስለ ውሻ ስታወሪ ፊትሽ ይጠቁራል። መርዙን በመርፌ አድርገሽ ትገድይብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

በመስከረም ይኼን ግንባር ከበሩ ላይ ሆኜ አይቼ፣ ሌላ ቡድን ከትቦታል ብዬ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ብነካው ይታወቅ ነበር። መንካት ስላስጠላኝ አልሄድኩም። አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ውሻዋ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ስድስተኛ ቀን። ጤነኛ።

ዳማ ከቀበሮ ጋር የት እንደተናከሰ ጀማልን ጠየቅኩት። የነገረኝ ሸለቆ እኔ በየዕረፍቴ እየወጣሁ የማያቸው የቀበሮ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። እኔ መርፌዬን ተወግቻለሁ፤ ቀበሮ ግን ሚኒባስ ተሳፍራ ጎባ አትሄድም። ዳማ ከታመመ በምራቁ የሄደው በሽታ ጉድጓዳቸው ገብቷል። ከሰላምታቸው ጀምሮ ሁሉ ነገራቸው አፍ ለአፍ ነው። አንዷ ከያዛት ሸለቆው ባዶ ይቀራል።

ለከድር የጣሳውን ፈተና ነገርኩት፤ ቢያንስ በውሻው ሞኝነት እንዲስማማልኝ።

"ሥጋውን በመጨረሻ ማን በላው?" አለ።

እሱ፣ አልኩ።

"ጣሳውን ማን አነሳለት?"

ከድር ሻይውን እያማሰለ ቀጠለ፤ ቀበሮዋ ብልህ ከሆነች ለምን ልታልቅ ደረሰች፣ ውሻው ሞኝ ከሆነ ለምን ከተማው ሞላ አለኝ። ይኼ ሰውዬ የሚጠላው እንዲህ ሲሆን ነው። ብልሃት ማለት መብዛት ከሆነ ከሁላችንም ቁንጫ ትበልጣለች አልኩት። ግን ቤት እስክገባ ድረስ ጥያቄው ለቀቀኝ አልልም።

አርብ፣ ጥቅምት 15

ስምንተኛ ቀን። አልበላም።

ትናንት የጣሳውን ፈተና ደግሜለት ነበር፤ እንደ ልማዱ ፊቴን አየ፣ እንደ ልማዴ አነሳሁለት። ዛሬ ጠዋት አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ምራቁ ደረቱን አርሶታል። አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ይቃትታል። የተማርኩት ሁሉ አንድ ነገር ይላል። አንድ ነገር ብቻ።

ከድር መጥቶ ከሩቅ አየው። አልቀለደም። ዛሬውኑ ይገደል አለ። አዴ ዘይነባ "ያ ረቢ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ እስከ ነገ እንጠብቅ አልኩ። ለውሻው አዝኜ አይደለም። ለሸለቆው መልሱን ማወቅ ስላለብኝ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ውሸቴን ነው ብዬ እዚህም መጻፍ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ያበደ ውሻ እንዲህ አያይም። ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ያያል። ከዚያ በፊተኛው እግሩ መንጋጋውን ይፍቃል፤ አንዱን ጎን ብቻ። ደግሞ ፊቴን። ጣሳው ላይ እንዳደረገው አንድ በአንድ።

ሞኟ ማን እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው።

ወፍራም ጓንት፣ መነጽር፣ ፒንሳ፣ የመጥረጊያ እንጨት። ከድር ገመዱን ያዘ። አዴ ዘይነባ ማንም ሳይጠራቸው መጡና አንገቱን ላቅፈው አሉ። እምቢ ብላቸውም አልሰሙኝም፣ የዝናብ ካፖርቴንና ትርፍ ጓንቴን አለበስኳቸው። የውሻ ምራቅ ሲነካቸው ለሶላት ስንት ጊዜ በአፈርና በውኃ እንደሚታጠቡ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቀፉት። እንጨቱን በጥርሶቹ መሀል አስገባሁ። ላንቃው ላይ፣ ከግራ መንጋጋ እስከ ቀኝ፣ የበግ ጎድን ስባሪ ተሰንቅሯል። የኔው አጥንት፣ የኔው ፈተና። በፒንሳ ነቀልኩት።

ሳይነክሰኝ አፉን ገጠመ። ከድር "ይኼኛውን ፈተና ማን አለፈ?" አለ። ጥፋ ከፊቴ አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አሥረኛ ቀን። በላ፣ ጠጣ፣ ዶሮ አባረረ። ጤነኛ ነው። በነከሰኝ ቀን በሽታው አልነበረበትም፤ ሸለቆውም ከእሱ የወሰደው ነገር የለም። ይኼን ስጽፍ አለቀስኩ፣ ይጻፍ።

ጠዋት ራሴ ከተብኩት፣ በገዛ እጄ ይዤው። አዴ ዘይነባ አጠገቤ ቆመው መርፌውን እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ድምፁስ? ድምፁ ምንም አይሆንም አልኳቸው። ጠበቅን። ለማኝ መጣ፣ አልጮኸም። ባጃጅ አለፈ፣ አልጮኸም። የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ተንጎራደደች፣ ቀና ብሎ አያትና ተኛ። በሕይወቱ ሙሉ ያለ ምክንያት ሲጮኽ የኖረ ፍጡር ዛሬ ጨዋ ሆነብኝ። አዴ ዘይነባ እያዩኝ ነው። በዚህ ሰፈር ከእንግዲህ ማን ውሻውን ለመርፌ ያመጣልኛል?

አሥር ሰዓት ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ሳሙና ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ በሩን ከፈትኩ። ዳማ ከባሕር ዛፉ ሥር ተስፈንጥሮ ተነሳና ገመዱን ወጥሮ፣ ፀጉሩን አቁሞ፣ እንደማያውቀኝ ሌባ ጮኸብኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼ ደግሞ ባበላው ላይ ነው። ደደብ! አዴ ዘይነባ ከበረንዳው "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ ሰማሁ። ሳሙናውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ እስኪበቃው እንዲጮኽብኝ ተውኩት።