ለምዱ ሲነሣ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ደሴ ለሚኖረው ወንድሜ።

እንደምን ሰንብተሃል? ነጋ ጂርታ? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆችህስ? የደሴ ብርድ ደረትህን ይዞህ ነበር ብለው ነግረውኝ አሳቤ ካንተ ዘንድ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴን ቢያመኝም ለራሴ ውኃ መቅዳት አልተሳነኝም። የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ ሰው ይሰውራል። ከብቱም ደህና ነው።

ይህን ማን ጻፈልሽ ትል ይሆናል። ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የላክሁልህን ሁሉ የጻፈው ገበያ ዳር የሚቀመጠው ጸሐፊ ነበር። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ሳይመሽ ከሚሴ ሁሉ ይሰማዋል። እናታችን አምና ካረፈች ወዲህ ለትልልቅ ሰዎች የተከፈተው የፊደል ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ ወይዘሮ አመልማል፣ “እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሹመት ሊጠይቁ ነው?” ብላ ቀለደችብኝ። ለሰው አፍ የማልሰጠው አንድ ደብዳቤ አለኝ አልኋት። ለዚህ ደብዳቤ ስምንት ወር ተማርሁ።

ስለ ትርኢቱ መቼም ሰምተሃል። ከየወረዳው አንድ አንድ ሰው የአገሩን ጀግና ልብስ ለብሶ ደሴ ይቀርባል፤ ጀግና የሚወድ ሁሉ ከያለበት ይመጣል። ከሚሴ የመረጠችው ባሌን ጀይላንን ነው። አንተም ከፊት ወንበር ተቀምጠህ በድምፅ ማጉያው ታሪኩን እንድትናገር ተጠርተሃል አሉ። ካንተ ወዲያ ማን ይናገርለታል? ያን ቀን ቦርከና ዳር አብረኸው የነበርህ አንተ ብቻ ነህ።

ጀይላንን ሆኖ የሚቀርበው የወፍጮ ቤቱ አብዱሰላም ነው። የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ ግን የጀይላን ነገር ሲነሣ ዓይኑ እንደ ሕፃን ይበራል። አንበሳው ከየት እንደ መጣ፣ ጀይላን ባዶ እጁን እንዴት እንደ ገጠመው፣ አንተን እንዴት እንዳዳነህ፣ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ልብሱን ራሱ ሰፍቶ አመጣልኝ። አንበሳ ሳይሆን ድመት የገጠመ ነው የሚመስል። ለምዱ የስኳር ጆንያ፣ ጎፈሩ የቃጫ ገመድ፣ ጋሻው የበርሜል ክዳን። ጀይላን ስኳር ይነግድ ነበር እንዴ ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። “ለዚህ አይደል ወደርስዎ የመጣሁ፤ ያሻሽሉልኝ እንጂ አይሳቁብኝ” አለኝ።

ጆንያውን ጥዬ ለምዱን ከአሮጌ ቡሉኮ ቆረጥሁለት፣ ዳሩን በቀይ ጨርቅ ቀመቀምሁት። ቃጫውን አፍታትቼ በሻይ ቅጠል ብቀቅለው የእውነት የአንበሳ ጎፈር መሰለ። ክዳኑን በፍየል ቆዳ ለበጥሁት። ሸሚዙ ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን። ደረቱን በመቀስ አራት ቦታ ቀዶታል። ይህ ምንድር ነው አልሁት። “የአንበሳው ጥፍር ነዋ” አለኝ። ደረቱ ላይ መሆኑን ማን ነገረህ አልሁት። “ወንድምዎ ናቸው የተናገሩ፤ አገር ያውቀዋል። ጀግና ደረቱን ነው የሚሰጥ፣ ጀርባውን አይደለም” አለኝ። ሃያ ዓመት እንደለመድሁት ዝም አልሁ።

በማግስቱ ከአሱር ሰላት በኋላ ለብሶት መጣ። አካሄዱን ያሳዩኝ አለኝ። ጀይላን ግራ እግሩን ጥቂት ይስብ እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ሄጄ አሳየሁት። እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ እስከ አጥሩ ሄደ። ወላሂ፣ ወደ ውኃው የሚሄደው ጀይላን ነበር። ያን ጧት እንዲያ እየሄደ ነው የቀረ። ተመለስ ብዬ ጮህሁ። አብዱሰላም ደንግጦ ሲዞር ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆነብኝ። “እማማ፣ አስቀየምሁዎ?” አለኝ። ጫማህ ልክ አይደለም አልሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጀይላን ከቤቴ አልወጣም። ወንዙ ሩቅ ነው፣ እኔ ግን በሬን ስከፍት የቦርከና ቄጠማ ይሸተኛል። መርፌ ስይዝ በጓዳው በር ሲያልፍ አየዋለሁ። አንድም ቀን ፊቱን አሳይቶኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ጀርባውን ነው።

ያልነገርሁህን ልንገርህ። ያን ቀን በቡሉኮህ ጠቅልለህ ስታመጣው፣ አንበሳ የቦጫጨቀው ገላ ነው፣ ሳይታጠብ ይቀበር ብለህ ሸኹን እግራቸው ላይ ወድቀህ ለመንህ። ሰው ሁሉ ለኔ አዝነህ መሰለው። እኔ ግን ባሏን ማጠብ የሚስት መብት ነው አልሁ፤ ሸኹም ፈቀዱልኝ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን አጠብሁት። ደረቱ ምንም አልነበረበትም። አገላበጥሁት። ከትከሻው አጥንት በታች አንዲት ቀዳዳ ነበረች። አንዲት ብቻ። ሦስት ጣቴን ገጥሜ ለካኋት። አንድ ጥፍር ያለው አንበሳ በየት አገር አለ፣ ወንድሜ?

ሰንበቴ ገበያ ወርደን ከአፋር ነጋዴ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ስገዛልህ ትዝ ይልሃል? የስለቱን ስፋት በሦስት ጣቴ ለክቼ፣ ይህ ለወንድሜ ወገብ ይሆናል ብዬ ነበር። ጀይላን ከተቀበረ ወዲህ በወገብህ አላየሁትም። ስጠይቅህ ቦርከና ወሰደው አልኸኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ በመስኖው ተራ ተጣልታችሁ ነበር፤ ያንንም ቦርከና ወሰደው። የጀይላን የውኃ ተራ ያንተ ሆነ።

ዝም ያልሁ አላውቅ ብዬ አይደለም። የጀይላን ወንድሞች ቢሰሙ እናታችን ሌላ ሬሳ ታያለች ብዬ ነው። በየሠርጉ የጀግና ሚስት እያሉ ከፊት ሲያስቀምጡኝ፣ አንተ የሰፋህልኝን ልብስ ለብሼ ሃያ ዓመት ተቀመጥሁ። አሁን እናታችንን ቀብሬአታለሁ። ልብሱም ጠቦኛል።

የአብዱሰላምን አራት ቅዳድ ሰፍቼ ዘጋሁት፤ ደረቱ ደህና ሆነ። ከዚያ የጀይላንን ሸሚዝ ከሣጥኔ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ በእንዶድ ባጥበውም እድፉ አልለቀቀም። ጀርባውን እንዳለ ቆርጬ በአዲሱ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ሰፋሁት። ቀዳዳዋን አልነካኋትም፤ ለምዱ ይሸፍናታል።

አብዱሰላምን፣ ወንድሜ ተናግሮ ሲጨርስ ለሕዝቡ ጀርባህን ስጥና ለምዱን በሁለት እጅህ አንሣው አልሁት። “ጀርባ መስጠት ነውር አይሆንም?” አለኝ። ጀይላን እንዲህ ነበር የሚሰናበት አልሁት። አመነኝ። ምንም የሚያውቀው የለም፤ እሱን እንዳትቆጣ። የጀይላን ወንድሞችም ተጠርተው ሁለተኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ፊደል አልተማሩም፤ ቀዳዳ ማንበብ ግን ያውቃሉ።

ትርኢቱ የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ደም የሚያደርቁት አበጋሮች እዚሁ አሉ፤ በራቸው ላንተም አይዘጋም። በገዛ እግርህ መጥተህ፣ በገዛ አፍህ ተናግረህ፣ ከጀይላን ወንድሞች ጋር እነሱ ያስታርቁህ። ሌላ የምፈልግብህ የለም። ከትርኢቱ በፊት እስካለው ሐሙስ አበጋሮቹ ፊት ከቀረብህ ቀዳዳዋን እደፍናታለሁ፤ አብዱሰላምም ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳደረገ ይወርዳል። ነጩን ክር መርፌው ላይ አስገብቼ፣ ሸሚዙ ላይ ሰክቼ ትቼዋለሁ። ሐሙስ እስኪመሽ አልነቅለውም።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። ደረትህን ይማርልህ። በሆድህ ያለውን ወደ አፍህ ያምጣልህ። እናታችንን በጀነት ያኑርልን፤ ይህን ሳትሰማ መሄዷ ደግ ሆነ።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ
እኅትህ
ከሚሴ