እንዴት ነሽ ሳልልሽ ለሄድሽው እህቴ

እትዬ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ነገ ስድስት ወር ይሞላል። ከመልካ ወረር የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ብሎ ይጀምርና «እማዬን አደራ» ብሎ ያልቅ ነበር። ሳጥንሽን ስከፍት በሻሽ ጠቅልለሽ አስቀምጠሻቸው አገኘሁ። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። «አንቺስ?» የሚል ቃል አንድም ቦታ አጣሁ።

ሥራዬን አጥቻለሁ። የጥጥ እርሻው አንድ ወር ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሲያልቅ ሌላ ወር ለመንኩ፤ ከዚያ በኋላ የምጠብቀውን መጋዘን ለሌላ ሰው አስረከቡ። አሁን ያንቺ አልጋ ላይ ነው የምተኛው። እማዬን ንፋስ እንዲያገኛት ወደ መስኮቱ አስጠግቻታለሁ፤ ግን የዚህን አገር ሙቀት ታውቂው የለ፣ የሚገባውም ንፋስ ይለበልባል።

እማዬ እንደተውሻት ናት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዛትም፣ ምላሷም እንደተሳሰረ ነው። እኔ ማስታመም ማለት ማጉረስና ውኃ ማጠጣት ይመስለኝ ነበር። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለ፣ ፖፖ ይዞ መጠበቅ እንዳለ፣ የረጠበ አንሶላ ሳይደርቅ ሌላው እንደሚረጥብ መች አወቅሁ? ይህን ሁሉ ስድስት ዓመት ብቻሽን አደረግሽው። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ በዓመት በእርሻው መኪና ስኳርና ሳሙና ይዤ እመጣ ነበር፤ ጎረቤቱ «እንዴት ያለ ልጅ ነው!» እያለ ሲያመሰግነኝ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ፈገግ ትያለሽ።

አንድ ጊዜ ብቻ ለመንሽኝ። የፋሲካ ማግስት ነበር። «ወንድሜ፣ አንድ ወር ብቻ ተካኝ፤ ድሬዳዋ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ልረፍ፤ ደክሞኛል» አልሽኝ። እኔም ሥራ እንደበዛብኝ ነገርኩሽ፤ ደግሞም «እማዬ ከአንቺ ሌላ ማን ያውቅላታል?» አልኩሽ። ምስጋና የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር። ልብስሽን ማጠብ ቀጠልሽ። ዳግመኛም አልጠየቅሽኝም።

ሌላም አለ፤ ለማንም ያልተናገርኩት። ወባው ሲጥልሽ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክት አድርሶልኝ ነበር። «እህትህ ታማለች፣ ቶሎ ና ብለውሃል» አለኝ። «እማዬስ?» አልኩት። «እሳቸው ደህና ናቸው» አለኝ። እኔም ተረጋጋሁ! እማዬ ደህና ከሆነች ምን አለ ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስደርስ ፊትሽን ሸፍነውሻል። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠሽ አራት ቀን ሙሉ እማዬን ስታገላብጪ እንደነበር የሰማሁት ከቀብርሽ ስንመለስ ነው።

እትዬ፣ እኔ እንዳንቺ አልሆንኩም። መጀመሪያ ላጥባት የቀረብኩ ቀን እማዬ በደህናው እጇ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የወለድኩት ወንድ ልጅ እንዴት ያጥበኛል ብላ ነው። እኔም አፍሬ ተውኳት። ስተዋት ጊዜ ጀርባዋ ቆሰለ። ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ከዚያ መብላት አቆመች። ማንኪያውን ሳስጠጋ ጥርሷን ትነክሳለች። በሦስተኛው ቀን በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ «እሷን... ጨረስኳት... አንተን... አልጨርስም» አለችኝ።

እኔ ግን ላጽናናት ሲገባኝ ጮህኩባት። «ብዪ! ብዪ እንጂ!» ብዬ ሳህኑን ወርውሬ ወጣሁ። እግሬ ወደ ጣቢያው ወሰደኝ። የድሬዳዋው ባቡር ቆሞ ነበርና ገባሁ። ያ የብረቱ ድልድይ ከኋላዬ ሲቀር ያየሁትን ያህል እፎይታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ሊመለስ የሚያስብ ሰው አልነበርኩም። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሲቆም ግን ውኃ በአጠገቧ እንዳላስቀመጥኩ ትዝ አለኝ። ዘልዬ ወረድኩ። ሐዲዱን ተከትዬ በዚያ ሐሩር እያለቀስኩ በእግሬ ተመለስኩ።

ስደርስ እማማ ዘይነባ፣ ሻይ ቤት ያላቸው የወሎዋ ጎረቤታችን፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬን አጥበው፣ ቁስሏን ጠርገው፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሰዋታል። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን «አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ ካየህ ስንት ቀንህ ነው?» አሉኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «አብሽር፤ ወደ ጣቢያው ስትሮጥ አይቼህ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «እህትህንም አንድ ቀን እዚያው ጣቢያ ጥግ ቁጭ ብላ አግኝቻታለሁ። ‹ደክሞኝ ነው› አለችኝ። ጠንካራ ናት ብዬ ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ተከትያት መምጣት ነበረብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሳቸው መጥተው ያጥቧታል። ረቡዕና እሑድ የሐዲድ ሠራተኛው ሚስት ትተካቸዋለች። ያኔ እኔ እተኛለሁ። እማዬ ለእማማ ዘይነባ አፏን ትከፍታለች፤ ጥቂት ትበላለች። ቁስሉ ግን አልዳነም። የክሊኒኩ ድሬሰር አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ሥራ መቼ እንደማገኝ አላውቅም፤ ሳገኝስ ለማን ትቻት እሄዳለሁ? አንዳንድ ቀን ጌታ ሁለታችንንም ባንድ ላይ በወሰደን እላለሁ። ከዚያ የመገላበጫዋ ሰዓት ይደርስና እነሳለሁ። ለአንቺም እንዲህ ሦስት ሆነን ብናግዝሽ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ እንድትተኚ ብናደርግሽ ኖሮ፣ እያልኩ እቃጠላለሁ።

ነገ መንፈቅሽ ነው። እማማ ዘይነባ ቀኑን ሙሉ ከእማዬ ጋር ለመዋል ሻይ ቤታቸውን ይዘጋሉ። ትናንት ለፍትሐቱ ቄሱ ዘንድ ሄጄ ነበር። «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። አላወቅሁትም፤ በቀብርሽ ዕለት ሴቶቹ ሲነግሯቸው አልሰማሁም። አብሬሽ ያደግሁ ወንድምሽ፣ ስምሽን አላውቀውም ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለስኩ።

እማዬን ጠየቅኋት። ለመናገር ትታገል ጀመር። «ወ... ወለ...» ትልና ምላሷ ይያዛል። ግንባሯ በላብ ራሰ። ይቅርብሽ እማዬ አልኳት፤ በደህናው እጇ ክንዴን ጨብጣ አልለቅ አለች። በአራተኛው ሙከራ ወጣላት። «ወለተ ሥላሴ።»

ወለተ ሥላሴ። ዛሬ አልጋዋን ሳነጥፍ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ስምሽን ስደጋግመው ዋልኩ። ነገ ቄሱ ሲጠይቁኝ ማንም ሳያስታውሰኝ እመልሳለሁ፤ እስክሞትም አይጠፋኝም።

ወንድምሽ