በቅድሚያ ያስፈረምኩት ቅጽ

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ በማምከኛ ክፍል ሠራተኛ ላይ የተላለፈው የስንብት ውሳኔ ታግዶ እኔ እንድጠየቅ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች በእንፋሎት የሚመክኑበት ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሥሬ ሰባት ሠራተኞች አሉ። ባለፈው ሐሙስ አንድ የመሣሪያ ጥቅል በደንብ ሳይመክን ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። ነርሷ ጥቅሉን ስትፈታ በውስጡ ያለው፣ ጥቅሉ ሲመክን ቀለሙን የሚቀይረው ምልክት አለመቀየሩን አይታ ሥራውን አስቆመች። ማደንዘዣ የወሰደች እናት ቀዶ ጥገናው ሳይደረግላት ነቃች። ጥቅሉ መምከኑን በሚያረጋግጠው ቅጽ ላይ ፊርማቸው የተገኘው፣ እኛ «ጋሽ ቀስታ» የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እንዲሰናበቱ ተወስኗል።

1. ፊርማው የእርሳቸው ነው። እንዲፈርሙ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። ድሮ ቅጹ የሚፈረመው ማሽኑ ጨርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ነበር። ሥራ ሲበዛ የቀኑን ቅጾች በሙሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማስፈረም ጀመርኩ። ወረፋው አጠረ፤ ለዚህም ከቢሮዎ የምስጋና ደብዳቤ ደርሶኛል።

2. ጋሽ ቀስታ የአንደኛው ማሽን በር እንፋሎት እንደሚያፈስ ከአንድ ወር በፊት ነግረውኛል። በዚያው ቀን ስማቸውን «ሥራ ያጓተቱ» በሚለው የግድግዳ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሰው ሳቀ፤ እርሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም የብልሽት ሪፖርት አልመጣም። እኔም ክፍሌ ተስተካከለ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

3. ሰኞ በተሰበሰበው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ እኔም አባል ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ቀስታን ለምን እንደፈረሙ ሲጠይቋቸው እርሳቸው ዞር ብለው አዩኝና «ፊርማዬ ነው» ብቻ አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ለስንብቱ እጄን አወጣሁ። ትናንት ቤታቸው ብሄድ ባለቤታቸው በር ላይ «አንቺ ልጅ፣ አለቃቸው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እዚያ ተቀምጠሽ ምን አልሽላቸው?» አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ ውሳኔው እንዲታገድ፣ ይህ ቃሌ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝና ቅጣቱ ወደ እኔ እንዲዞር አመለክታለሁ። ሠራተኛ በዓይኑ ያየውን ብቻ እንዲፈርም፣ ኃላፊውም፣ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው፣ ብልሽት የነገረውን እንዳይቀጣ በጽሑፍ ይታዘዝልኝ።

ይህን ማመልከቻ ወደ ቢሮዎ ከማምጣቴ በፊት ዛሬ ጠዋት ለሠራተኞቼ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ጥቅል የምታስረው ሠራተኛ እጇን አውጥታ የሁለተኛው ማሽን በርም ከዓርብ ጀምሮ እንደሚያፈስ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ከሐሙስ ጀምሮ ስለቆመ የቀረን እርሱ ብቻ ነበር፤ አቁሜዋለሁ። ከዓርብ ወዲህ የወጡት ጥቅሎች በሙሉ እንዲመለሱ አዝዣለሁ። ለዛሬ ቀዶ ጥገና አንድም መሣሪያ እንደማይወጣና ይህንን የወሰንኩት እኔ መሆኔን አሳውቃለሁ።

የሚሰጡኝን ውሳኔ ለመቀበል ዝግጁ ሆኜ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የማምከኛ ክፍል ኃላፊ